የዘይት ጨማቂዋ ዓምድ

ሜጋላ ተራራ ላይ ቤት መሠራት የሚጀምረው ከጣራው ነው። ሌላው ሰው መሠረት ቆፍሮ፣ ግድግዳ አቁሞ፣ ክዳኑን በመጨረሻ ያለብሳል። የሜጋላ ጠራቢዎች ግን በገደሉ ወገብ ላይ ቀዳዳ ከፍተው ይገቡና ጣራውን አስቀድመው ይጨርሱታል፤ ከዚያ የቆሙበትን ድንጋይ እየጠረቡ፣ ፍርስራሹን በአፋፉ እየደፉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዘንድሮ ጎንበስ ብለው ያለሰለሱት ጣራ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩት ይሆናል። ዓምዶቹንም የሚያቆማቸው የለም። ዙሪያቸው ያለው ድንጋይ ሲወጣ እነሱ ይቀራሉ፤ መጀመሪያ ራሳቸው ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ አንገታቸው፣ ቀጥሎ ወገባቸው፤ እግራቸው በመጨረሻ ነው።

ኢሲጉታ ይህን ሥራ ከአባቱ ወርሶ ጢሙ እስኪነጣ ሠርቶበታል። የጠራቢዎቹ አለቃ እሱ ነው። ይህ ቤተ መቅደስ የመጨረሻ ሥራው እንደሚሆን ያውቃል፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ደረቱም በድንጋይ ብናኝ ተሞልቶ ዳገት ሲወጣ ያፏጫል። ቢሆንም ኮርቶበታል። ጣራው እንደ ተገለበጠ ጀልባ ጎብጦ እስከ ውስጥ ድረስ ይሄዳል፤ ከሥሩ አናጺዎች የእንጨት ወጋግራ ገጥመውበታል። መጨረሻ ላይ ከዚያው ከተራራው የተጠረበ ክብ ጉልላት አለ፤ ምእመናን የቡድሃን ስም እያነሡ፣ በቀኛቸው እያደረጉ የሚዞሩት እሱን ነው። ዓምዶቹ በግራና በቀኝ ከበሩ ተነሥተው በጉልላቱ ጀርባ ይገናኛሉ።

“ድንጋይ ጣራ ላይ የእንጨት ወጋግራ ምን ይሠራል?” ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ አይጠፋም ነበር።

“ደስ ይላል” ይላል ኢሲጉታ። እውነቱ ይኸው ነው። አያቶቻቸው ይጸልዩበት የነበረው ቤት ከእንጨት ስለነበር ተራራውም ያንን እንዲመስል ፈልገው እንጂ፣ እንጨቱ የሚይዘው አንዳች ነገር የለም።

እያንዳንዱ ዓምድ ሰጪ አለው። አንዱን የሽቱ ነጋዴዎች፣ አንዱን ከባሕር ማዶ የመጡ ሰዎች፣ አንዱን አንዲት መነኩሲት ሰጥተዋል። የሰጪው ስም የሚቀረጸው ዓምዱ አንገት ላይ ነው፤ የሚቀረጸውም አንገቱ ከድንጋዩ እንደወጣ፣ ወለሉ ገና ከፍ ብሎ ሳለ ነው። በኋላማ ማን መሰላል ይሸከማል! ስለዚህ ዓምዱ ግማሽ አካሉ ገና ተራራው ሆድ ውስጥ እያለ የባለቤቱን ስም ይዞ ቁጭ ይላል። ከኢሲጉታ አባት ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ይህን ነገር ቆም ብሎ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

በግራ በኩል ከጉልላቱ አጠገብ ያለውን ዓምድ የሰጠችው ላዋኒካ ነበረች። ከተራራው ሥር ባለችው ከተማ ሰሊጥ እየጨመቀች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከሁለት በሬዎቿ አንዱን ሸጣ ነው የሰጠችው፤ ከዚያ ወዲህ መጭመቂያውን ከቀረው በሬ ጋር እሷው ራሷ ታዞራለች ይባላል። አንድ ልጅ ነበራት፣ ሲሃካ የሚባል። ከከተማይቱ እስከ ወደቡ ድረስ ባለው ገደላማ መንገድ የነጋዴ ዕቃ ይሸከም ነበር። አንድ ክረምት የጨርቅ ጥቅልል እንደተሸከመ ወንዝ ሲሻገር ውሃው ደራሽ ሆነበት። ጓደኞቹ ከማዶ ሆነው “ጣለው! ጣለው!” ብለው ጮሁ። አልጣለውም። ሬሳው አልተገኘም፣ አልተቃጠለም፣ እናቱ ዓመዱን እንኳ አልያዘችም።

“ለልጄ ዓምድ እሰጣለሁ” አለች ወደ ኢሲጉታ መጥታ። “ጣራውን ይያዝላችሁ። መሸከም ያውቅበታል።”

ኢሲጉታም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ምን ይበላት?

ስሙን ራሱ ቀረጸው፦ “የዘይት ጨማቂዋ የላዋኒካ ስጦታ፣ ለልጇ ለሲሃካ።” ማንበብ አትችልም። ግን በየጾሙ ቀን ደረጃውን ወጥታ እየመጣች፣ የልጇ ስም የትኛው እንደሆነ በጣቷ እየዳሰሰች ትለያለች። መጀመሪያ ስትመጣ ስሙ ከወገቧ ትይዩ ነበር። ወለሉ ሲወርድ ደረቷ ጋ ደረሰ፣ ከዚያ ግንባሯ ጋ። በኋላ በእግሯ ጣት ቆማ እንኳ መድረስ አቃታት።

“ምነው ከፋሽ እንዴ?” አላት ኢሲጉታ፣ እጇን ዘርግታ ስታይ።

“ለምን ይከፋኛል? እያደገ ነው። ወንድ ልጅ እናቱን ሲበልጣት ወግ ነው” አለችና ሳቀች። ኢሲጉታ ግን ወደ ውጭ ወጥቶ ያለ ምክንያት ጠራቢዎቹን ተቆጣ።

ከእሷ ዓምድ ቀጥሎ ያለውን የሰጠው ዴቫናካ ነው፣ የጨርቅ ነጋዴው። ያ ጥቅልል የእሱ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲሃካ የሞተ ሰሞን ላዋኒካ ደጃፍ ሄዶ አልቅሷል፣ እሷም በሩን ከፍታ እንባውን አይታ መልሳ ዘግታበታለች። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ዴቫናካ ዓምዱ እንዴት እየሆነ እንደሆነ ለማየት ብቅ ሲል ድንጋዩን መታ መታ ያደርግና፣ “ከባድ ነው አይደል የሚይዘው? ብዙ ነው አይደል?” እያለ ኢሲጉታን ያሰለቸዋል። ፊቱ እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

ቤተ መቅደሱ ሊመረቅ አንድ ክረምት ሲቀረው፣ የኢሲጉታ ምክትል ፖታካ የዓምዶቹን እግር ማውጣት ጀመረ። ፖታካ መሮውን የሚያህል ስለታም ምላስ ያለው ሰው ነው፤ የማይቀልድበት ነገር የለም።

“ጋሼ፣ እስቲ ና” ብሎ ተጣራ አንድ ቀን። “የላዋኒካ ዓምድ ተቅማጥ ይዞታል።”

ኢሲጉታ ሊቆጣ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አየ። ዓምዱ ከጉልበቱ በታች ጥቁር ድንጋይ መሆኑን ትቶ ቀይ አፈር ሆኗል። በሁለት ዓለት መካከል የተጋደመ ለስላሳ ቀይ አፈር፣ ጠራቢዎች የተራራ ቁስል የሚሉት። ከሌላው ሁሉ ዓምድ ርቆ በዚያ ማዕዘን ብቻ ነው የመጣው። ኢሲጉታ ተንበርክኮ መሮውን ገፋ ሲያደርገው ምንም ድምፅ ሳያሰማ ገባ። ሲመልሰው አፈሩ ተከትሎት ረገፈ። እስኪመሽ ድረስ ያ እግር የሚባል ነገር ሁሉ ፈርሶ አለቀ፤ ዓምዱም ከወለሉ በላይ በአየር ላይ ቀረ። በሥሩ ክንድ ይገባል።

“ሌላ ዓምድ ስጣታ” አለ ፖታካ።

“የቱን? ሁሉም ባለቤት አለው። ደግሞስ ስሙን ምን ልታደርገው ነው? ከአንገቱ ፍቀህ ልታወርደው?”

“እኮ! እግሩ ሳይታወቅ አንገቱ ላይ ስም ቅረጹ ያላችሁ ማነው?”

“አንተም ከእኔ ጋር ስትቀርጽ አልነበር?”

“ነበርኩ” አለ ፖታካ፣ ለአንድ ጊዜ ቀልድ ጠፍቶበት። “አባቴም ሲቀርጽ ነው የኖረው።”

የሥራው ኃላፊ የሆኑት መነኩሴ አባ ባዳሳማ ተጠርተው መጡ። ቀጭን፣ ልበ ቀና ሰው ናቸው። ዓምዱን ዞር ዞር ብለው አዩትና ትንፋሻቸውን አወጡ።

“ደጁ ላይ ያለው የመብራት ድንጋይ ሲሰነጠቅ የሆነውን ታስታውሳላችሁ” አሉ። “ሕዝቡ ስጦታቸው አልተወደደም ብሎ ድንጋዩን የሰጡትን ቤተሰቦች አገለላቸው። ልጃቸውን የሚያገባ ጠፋ። እኛ እንዲያ አይደለም ብንል ማን ሰማን? አሁን ይቺን ሴት ደግሞ ተራራው የልጇን ስም ተፋው ቢሏት...”

“በድንጋይ እንደግፈው?” አለ ፖታካ።

“ከሥሩ ሽብልቅ ስትመታ የተንጠለጠለው ይሰነጠቅብሃል” አለ ኢሲጉታ። “አይሆንም።”

“እንግዲያውስ በጭቃ ይሁን” አሉ አባ ባዳሳማ። “ግድግዳው ሁሉ በጭቃ ተለስኖ ሥዕል ሊሣልበት አይደል? ይህም ቢለሰን ማን ይጠይቃል? ለእሷ ሲባል ነው።”

ለእሷ ሲባል የሚደረግ ነገር መሆኑ ኢሲጉታን አስማማው። ጭቃውን ከሩዝ ገለባና ከከብት እበት ጋር ራሱ አቦካው። በተሰባበረ ድንጋይ ውስጡን ሞላ፣ ላዩን ለሰነ፣ እንደ ሌሎቹ ዓምዶች እግር በእንስራ ቅርጽ አበጀው። ጥቁር ቀለም ሲቀባው የራሱም ዓይን ተታለለ። ኮራበትም፣ አፈረበትም። ፖታካ ግን ራቅ ብሎ አየውና፣ “ጋሼ፣ ውሃውን ረሳኸው?” አለው።

ረስቶታል! በምረቃው ቀን እያንዳንዱ ሰጪ በዓምዱ እግር ላይ ውሃ ያፈሳል። ውሃ ያልፈሰሰበት ስጦታ አልተሰጠም፤ ገና በሰጪው እጅ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። በድንጋይ እግር ላይ የሚፈሰውን ውሃ ዕድሜ ልኩን ሲያይ የኖረ ሰው፣ የጭቃ እግር ሠርቶ ውሃውን ረሳ።

“ጥቂት ጠብታ ነው” አለ፣ ይበልጥ ለራሱ። “እስከዚያ ይደርቃል።”

ክረምቱ ግን ረዘመ። ተራራው ላብ የያዘው ይመስል ውስጥ ውስጡን አረጠበ፣ ጭቃውም በጣት ሲጫኑት እንደለሰለሰ ቀረ።

የምረቃው ዕለት ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ከተማው በሙሉ ወደ ተራራው ወጣ። ሰጪዎቹ አዲስ ልብስ ለብሰው፣ አፈ ቀጭን የነሐስ ማንቆርቆሪያ በመዳፋቸው ይዘዋል። ኢሲጉታ በሩ አጠገብ ቆሞ ደረጃውን ይመለከት ነበር። ላዋኒካ ብቅ አለች። ሁለት ሰው የሚያነሣውን እንስራ በራሷ ላይ ተሸክማ፣ አንገቷን ገትራ፣ ቀስ እያለች ትወጣለች።

ሮጦ ተቀበላትና ከሕዝቡ ገለል ወዳለው ወደ ውሃ ጉድጓዱ ዳር ወሰዳት። እንስራውን አብረው አወረዱት።

“እትዬ፣ ይህን ሁሉ ውሃ ምን ልታደርጊው ነው?”

“ከዚያ ወንዝ ነው የቀዳሁት። ትናንት ሄጄ እዚያው ነው ያደርኩት። ልጄን ወስዶ ዝም አለኝ እኮ! እንግዲህ መጥቶ ስጦታውን ያጽናለት።”

ኢሲጉታ ጥቂት ጠብታ ብቻ አፍስሺ ሊላት ነበር። ፊቷን አየና ተወው።

“ዓምድሽ እግር የለውም” አላት።

“ምን?”

“ከታች አፈር ነበር፣ ፈረሰ። ያለው እግር እኔ የሠራሁት የጭቃ እግር ነው። ውሃ ሲነካው ይሟሟል።”

ላዋኒካ እንስራውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወድቆ እንዳይሰበር ይሁን እሷ እንዳትወድቅ አልታወቀም።

“ተራራው ልጄን አልፈለገውም ማለት ነው።”

“አይደለም! ስሚኝ። አንዱም ዓምድ ቢሆን የተሸከመው ነገር የለም። ጣራው እኛ ከመግባታችንም በፊት ራሱን ይዞ የኖረ ነው። ዓምዶቹን በሙሉ ቆርጠን ብናወጣቸው ንቅንቅ አይልም።”

“ታዲያ ለምን ተዋችኋቸው?”

“ቤት ዓምድ ስለሚኖረው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።”

ከዚያ ቁጣው መጣ። “እና አንተ ይህን እያወቅህ... ልጄ መሸከም ያውቅበታል ስልህ ፊቴ ቆመህ ራስህን ትነቀንቃለህ? በሬዬን የሸጥኩት ለዚህ ነው? ምነው ወንድሜ፣ እኔ አንተን ምን በደልኩህ?”

“ምንም አልበደልሽኝም። ስትናገሪ ደስ ብሎሽ ነበር። ከዚያ በኋላ መናገር አቃተኝ።”

“ፈሪ!”

“አዎ።”

ከውስጥ የመነኮሳቱ ዜማ ተጀመረ። ሰው ሁሉ ወደ በሩ ተጋፋ። ላዋኒካ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ድንገት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “እግር ከሌለው ታዲያ እንዴት አልወደቀም?” አለች።

“ከላይ ነዋ። ከጣራው ጋር አንድ ድንጋይ ነው። ተራራው ይዞታል።”

“አይለቀውም?”

“ተራራው ራሱ ካልወደቀ አይለቀውም።”

እሱም ቸኩሎ መከራት፤ ትንሽ ብቻ ጠብ እንድታደርግ፣ የቀረውን ወደ ጎን እንድታፈሰው፣ አባ ባዳሳማም እሱም ፖታካም እስከ ሞት ድረስ እንደማይናገሩ። እየሰማችው ይሁን አይሁን አላወቀም። እንስራውን አብረው አንሥተው ራሷ ላይ አስቀመጡት።

የቤተ መቅደሱ ውስጥ በመብራት ተሞልቶ ወጋግራው ወርቅ ይመስላል። ሰጪዎቹ ተራ በተራ ውሃቸውን አፈሰሱ፤ ቀጭኑ ውሃ በድንጋዩ እግር ላይ እየወረደ ወለሉን አራሰው። ላዋኒካ ተራዋ ሲደርስ እንስራውን ከራሷ አወረደች፣ ወደ ላይ ቀና ብላ ስሙን ፈለገችው፣ ከዚያ እንስራውን ጨርሳ አዘነበለችው።

ወንዙ በሙሉ የመጣ መሰለ። መጀመሪያ ጥቁሩ ቀለም ወረደ፣ ከዚያ የኢሲጉታ ልስን እየተላጠ ወደቀ፣ ከዚያ የተሞላው ስብርባሪ ተንሸራተተ። ቀይ ውሃ በወለሉ ላይ ተንጣልሎ የሰዎቹን እግር ነካ። ሰዎቹ እየጮኹ ወደ ኋላ ሸሹ። ዓምዱ ምንም ሳይነካ በአየር ላይ ቆመ።

“አልተቀበላትም!” አለች አንዲት ሴት ከሕዝቡ መካከል። “ይኸውላችሁ፣ ተራራው አልተቀበላትም!”

አባ ባዳሳማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኢሲጉታ ወደፊት አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ሊል ነበር። ላዋኒካ ግን ቀድማው ተንበርክካለች። የቀረውን ጭቃ በእጇ ጠራርጋ አወጣች። ከዚያ ክንዷን በዓምዱ ሥር አሳልፋ በወዲያኛው በኩል ጣቶቿን ለሕዝቡ አወዛወዘች።

“ምን ትጮሃላችሁ?” አለች። “ልጄ የሰው ዕቃ እንደተሸከመ ሞተ። ዓምድ የሰጠሁት ደግሞ እኔ እናቱ ተራራ ላሸክመው ብዬ ነው። ጉድ እኮ ነው! ከሞተም በኋላ ሸክም አመጣሁለት።” ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። “እዩት አሁን። የተሸከመው የለም። ተራራው ነው እሱን የያዘው። እኔ ያን ቀን ብኖር እንዲህ አድርጌ ነበር የምይዘው። ተዉት፣ ይረፍበት!”

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጫማቸውን አውልቀው ቀዩን ውሃ እየረገጡ መጡና እጃቸውን በዓምዱ ሥር አሳለፉ። ቀጥሎ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት መጣች። ዜማው ቆሞ ስለነበር አባ ባዳሳማ መነኮሳቱን በዓይናቸው ጠቅሰው አስጀመሩት።

ቀጣዩ ተራ የዴቫናካ ነበር። ነጋዴው ከራሱ ዓምድ ፊት ቆሞ ማንቆርቆሪያውን ይዟል፤ ውሃውን ግን አያፈስም። ዓይኑ የተንጠለጠለው ዓምድ ላይ ነው። ፊቱ ዓመድ መስሏል።

“ኢሲጉታ” አለ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ። “የእኔውስ? የእኔው እንኳ ተሸክሟል አይደል?”

ኢሲጉታ ከእንግዲህ በዚህ ነገር ላይዋሽ ከራሱ ጋር የተማማለው ገና አሁን ነው። እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ላዋኒካ ከተንበረከከችበት ቀና ብላ ነጋዴውን አየችው፤ ከዓመታት በፊት በሯን ከዘጋችበት ወዲህ ፊቱን ትክ ብላ ስታየው መጀመሪያዋ ነበር። የገረጣውን ጉንጩን፣ ያበጠውን የዓይኑን ቆብ አየች።

“ተሸክሟል” አለችው፣ ኢሲጉታን ቀድማ። “ምን የመሰለ ተሸካሚ ነው። አፍስስ ልጄ፣ አፍስስ።”

እጁ ግን አልታዘዝለት አለ፤ የነሐሱ አፍ ከድንጋዩ ጋር እየተጋጨ ይንቃጨላል። ላዋኒካ ተነሥታ በጭቃማ ጣቶቿ የእጁን አንጓ በነጭ እጀ ጠባቡ ላይ ያዘች፣ ማንቆርቆሪያውንም አብራው አዘነበለች። ውሃው አልቆ የመጨረሻው ጠብታ እስኪንጠባጠብ ድረስ እጁን አልለቀቀችውም።